ቆርቆሮ ለለበሰ ቤት ሣር የለም

አበዛሽ ከወንድሟ ከአምባው ጋር በስልክ ለማውራት ሁለት ነገር መገጣጠም ነበረበት። እሷ ጅቡቲ ላይ፣ አርብ ጠዋት ከአሠሪዋ ከማዳም ሩቅያ ቤት ወጥታ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር፣ ዓብዱሰመድ ስልክ የሚያስደውልበት ሱቅ መድረስ አለባት። አምባው ደግሞ ጅብራ ራስ ጫፍ ላይ መውጣት አለበት። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ጉብታው አናት ላይ ግን አለ፤ እሱም ነፋሱ ከፈቀደ ነው።

ጅብራ ራስ ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ነው። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም ብቻ ብቻውን ቆሞ፣ የአስታው ቁጥቋጦ ከወገብ ሳያልፍ ቀርቶ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪደክም ድረስ ጓሣ የሚሉት ረጅም ሣር የለበሰ ውርጭ አገር ነው። እህል አይበቅልበትም። ሣሩ ግን ጣሪያ ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ በክፉ ቀን የበግ ነፍስ ያተርፋል። ስለዚህም ማንም ዘው ብሎ አይገባበትም። ለዓመታት ተዘግቶ ይከርምና ሣሩ ሲደርስ፣ በግንቦት ልደታ ማግስት ይከፈታል። ያን ቀን ከየቤቱ አንድ ማጭድ ይወጣል። ማጭድ ማለት ድርሻ ነው፤ ማጭድ ያለው ቤት ሣሩን ያጭዳል፣ በጉንም እዚያው ያሰማራል።

የአበዛሽ ሐሳብ ሁሉ እዚያ ጉብታ ላይ ነበር። አባቷ የሚታረስ መሬት አላወረሳቸውም፤ ያወረሳቸው ማጭዱን ነው። ጅቡቲ የመጣችው የእናቷን ቤት ቆርቆሮ ለማልበስ ነበር፤ ጥቂት ጥቂት እያለች በሾፌሮች እጅ ልካ አለበሰችው። ከእንግዲህ በጎች ይዛ ጅብራ ራስ ላይ ማሰማራት እንጂ የሰው ሽንት ቤት ማጠብ ምን ይሠራላታል? ለማዳም ሩቅያም «ለልደታ አገሬ እገባለሁ» ብላ ቁርጡን ነግራታለች። ማዳም አኩርፋ ስታበቃ ሌላ ሠራተኛ ማፈላለግ ጀምራ ነበር።

ያን አርብ ምኒልክ አደባባይን አቋርጣ ሱቁ ስትደርስ ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። የዓብዱሰመድ ቬንቲላተር ሙቀቱን ከማማሰል በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

«ሃሎ! አምባው! ይሰማሃል?»

«እትዬ! ነፋስ ነው! ቆይ ድንጋዩ ሥር ልግባ!»

ነፋሱን ሰማችው። ላቧ ባገጯ እየተንጠባጠበ፣ ጆሮዋ ውስጥ የጅብራ ራስ ብርድ ሲያፏጭ ሰማችና ደስ አላት።

«ማጭዱን ሳልከው ወይ?»

አምባው ስለ ነፋሱ ማውራቱን ቀጠለ።

«አንተ! ማጭዱን ሳልከው ወይ ነው የምልህ።»

«እትዬ... ለእኛ ቤት ማጭድ የለም ተባለ።»

«ምን?»

«ቆርቆሮ ለለበሰ ቤት ሣር ምን ያደርግለታል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በፊት ነው የወሰኑት። እንዳትናደጂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

«በጎቹስ?»

«በጎቹም ከማጭዱ ጋር ናቸው።»

«አሁን ታዲያ የት ሆነህ ነው የምታወራኝ?»

«ጅብራ ራስ ላይ ነዋ።»

«አላባረሩህም?»

«ቆሞ ስልክ ማውራት አልተከለከለም» አለ አምባው፣ ምስኪን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የእናቷን ቤት ከሣር ያወጣችው እሷ፣ ከሣሩም ያስወጣችው እሷ! እጇ አመድ አፋሽ ነው፤ ድሮም ነበር። ያን ሳምንት ሩዙን አሳረረች፣ የዓሣውን ድስት ጨው ደፋችበት፣ የልጆቹን ሸሚዝ በካውያ አቃጠለች። ማዳም ሩቅያ «ልትሄጂ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትሠሪው?» ብላ ጮኸችባት። አበዛሽ ቆሽቷ እያረረ ብረት ድስቱን ፈገፈገች።

በሚቀጥለው አርብ አምባው የሣር ዳኛውን አያ ወንድይራድን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። እንዲያመጣው ያዘዘችው ራሷ ናት። ስትጣላው የምትናገረውን ቃል ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ስታጠና ሰንብታለች። ሽማግሌው ግን በሰላምታ ያዛት።

«አበዛሽ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽን እንዴት ነሽ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽ ደህና ናቸው? ልጆቻቸው ደህና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው!» ካርዱ እያለቀ ነበር። «አያ ወንድይራድ፣ ያ ማጭድ የአባቴ ነው። አባቴ ጉብታው ሲዘጋ ውርጭ እየመታው ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው።»

«መች ካድኩ።»

«ታዲያ በምን ጥፋታችን ነው?»

«ጥፋትማ የለባችሁም። ሰው በዛ፣ ጉብታው ግን አልወለደም። ይኸውልሽ ልጄ፣ የመንደሩ እኩሌታ ልጁን ቤሩትና ጅዳ፣ እንዳንቺም ጅቡቲ እየሰደደ ቆርቆሮ ለብሷል። ሣር ሥር የቀረው ሰው የሌለው ነው። ጧሪ የላቸው፣ ላኪ የላቸው፤ ክረምት ሲገባ ጣሪያቸው ያፈሳል። ለእነሱና ለእናንተ እኩል ልቁረጥ? አንቺ ብትሆኚ እንዴት አድርገሽ ትፈርጃለሽ?»

ፍርዱ ቢጣመም ኖሮ ካርቲየ ሰባት እስኪሰማት ትጮህ ነበር። ፍርዱ ልክ መሆኑ ነው ያንገበገባት። ማዳም ሩቅያ ቤት ከማድ ቤቱ ጎን፣ ሰውነቷን ዘርግታ በማትተኛበት ክፍል የምታድር ሴት፣ አገሯ ላይ ባለጸጋ ተብላ ተቆጥራለች። ለዚህ ምን ተብሎ ይግባኝ ይጠየቃል?

«ቆርቆሮውን ባስነቅለውስ?» አለች በመጨረሻ።

«እናትሽ ከልደታ በፊት ሣር ሥር ካደረች ማጭዷ ይመለሳል። ቃሌ ነው። ግን እሷን ጠይቂ።»

«አምባውን ያቀብሉኝ። አምባው! ነገ ሳትውል ሳታድር ንቀለው!»

«እማዬስ?»

«ንቀለው አልኩህ!»

«እሷ በአፏ ካላለችኝ ምስማሩንም አልነካ» አለ አምባው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ካመረረ በበሬም አይጎተት። «ለሚመጣው አርብ በበቅሎ አወጣታለሁ። ራሷ ትንገርሽ።»

ሦስተኛው አርብ ላይ አበዛሽ ዘገየች፤ ማዳም ሩቅያ እንግዳ ነበረባት። ሱቁ ስትደርስ ጫቱ የሚገባበት ሰዓት ደርሶ መንገዱ በጥሩምባና በጩኸት ታምሶ ነበር። ዓብዱሰመድ እንኳ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ «ቶሎ በይ እህቴ፣ ወላሂ ልዘጋ ነው» ይላታል። አንድ ጆሮዋን በጣቷ ወትፋ ሌላውን ስልኩ ላይ ለጠፈችው።

«አበዛዬ!» አለች እናቷ፤ ስልክ ስትይዝ ገደል ማዶ ያለ ሰው እንደምትጣራ ነው።

«እማዬ! ወጣሽልኝ?»

«በበቅሎ ነው፣ ጉልበቴማ አልቋል። ኧረ ይኸ ጅብራ ራስ እንዴት ያለ ብርድ ሆኗል! ስንት ዘመኔ ከወጣሁበት። ልጄ፣ ቤታችን ከዚህ ይታያል። ከሁሉ ቤት ተለይቶ ይታያል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ሰዉ ሁሉ እኮ የአበዛሽ ቤት ነው የሚለው። አባትሽ በነበረ ጊዜ እንኳ ቤታችን ስም አልነበረውም።»

አበዛሽ ዓብዱሰመድን አየችው። ጊዜ የለም።

«እማዬ ስሚኝ። ቆርቆሮው ይነቀል። ልመጣ ነው። በጎች ይዤ እዚያው አንቺ የቆምሽበት...»

«ይነቀል?»

«የዘንድሮው ሣር እስኪታጨድ ብቻ ነው። በኋላ...»

«ክረምት በገባ ቁጥር ጠብታውን እየተከተልኩ ገንቦ ሳዟዙር የኖርኩትን ረሳሽው? ልጄን በረሃ ሰድጄ ያለበስኩትን ልንቀል? አታድርጊኝ አበዛዬ።»

«እሺ፣ እሺ፣ አይነቀል!» ጫት ሻጮቹን እንዲበልጥ ድምጿን ከፍ አደረገች። ይህን ሐሳብ ሳምንቱን ሙሉ ይዛው ነበር። «እኔ ከጓሮ ትንሽ የሣር ጎጆ እቀልሳለሁ። እዚያ እተኛለሁ። ቤት የሚቆጠረው በሚጨስ ምድጃው ከሆነ የእኔም ጭስ ይቆጠራል። አያ ወንድይራድ እምቢ አይሉኝም።»

አበዛሽ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«ከጅቡቲ ተመልሰሽ ሣር ጎጆ?» አለች እናቷ። ድምጿ ወርዷል፤ ገደል ማዶ መጣራቱን ትታለች። «እኔ ቆርቆሮ ሥር ተኝቼ፣ ያለበሰችኝ ልጄ ጓሮ፣ ጎጆ ውስጥ? ሰው ምን ይለኛል? በልታት አባረረቻት ይበሉኝ?»

«ሰው የፈለገውን ይበል! ሰው ነው እንዴ እዚህ በሙቀት የሚቀቀለው?»

«አንቺ አትሰሚውም፣ እኔ ነኝ የምሰማው። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል፤ የአበዛሽ እናት እባላለሁ። አሁን በቁሜ አታሰድቢኝ ልጄ። ስትመጪ እንደ ሰው ልጅ አምሮብሽ ነይ። ለጎጆ ከሆነ ግን እዚያው ሁኚ። እዚህ መጥተሽ ከማፍርብሽ፣ እዚያ ሆነሽ ብኮራብሽ ይሻለኛል።»

«እማዬ...»

«እግዜር ይባርክሽ፣ እግዜር ዕድሜሽን ያርዝመው። አይ ይኸ ብርድ! በል አምባው አውርደኝ።»

ከዚያ በኋላ የበቅሎዋ ኮቴ ይሁን ነፋሱ ያልተለየ ድምፅ ተሰማና መስመሩ ተቆረጠ። አበዛሽ ስልኩን አስቀመጠች። ልታለቅስ ነበር፤ ንዴቱ እንባውን አደረቀው። ማንን ትርገም? ሽማግሌው ልክ ነው። እናቷ የምትለው ገብቷታል። አምባውም ቢሆን ምን አደረገ? በጥፋት የምትይዘው ሰው አጣች።

«ደህና ናቸው?» አላት ዓብዱሰመድ፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ።

«ደህና ናት» አለች። «ኮርታብኛለች።»

ጫቱን የታቀፈው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሮጥ እሷ በፀሐይ ቀስ ብላ ሄደች። ማዳም ሩቅያ እንግዶቿን ሸኝታ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ የምሳ ሳህን ተከምሯል።

«አንቺ፣ ልደታሽ ደረሰ አይደል?» አለቻት። «ለአዲሷ ሠራተኛ ቀኑን ልነግራት ነው። መቼ ነው የምትሄጂው?»

አበዛሽ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሳህኑ አለፈች።

«የት?» አለች።