አልጠፋ ያለው የፍሬን መብራት

ልብስ ሰፊዋ ሞተሩን ደጃፏ ላይ አቁማ ሄልሜቷን ገና ሳታወልቅ፣ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ፒክአፑን ከኋላዋ አስጠግቶ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«እትዬ፣ ከአደባባዩ ጀምሮ ፍሬን እንደያዝሽ ነው የመጣሽው! ያ ቀይ መብራትሽ አንዴም አልጠፋም። እኔማ አሁን ቆመች፣ አሁን ቆመች እያልኩ እግሬ ዛለ።»

«ዓይንህ ነው» አለችው።

ወርዳ ስታየው ግን እውነቱን ነው። ማንም ሳይነካው መብራቱ ፍም መስሎ በርቷል። ቁልፉን ስታጠፋ ጠፋ፣ ስትከፍት በራ። ለካ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ አልነሳም እያለ የሚያስለፋት ባትሪው አርጅቶ አይደለም፤ ይህ መብራት ቀኑን ሙሉ ሲመጠው እየዋለ ኖሯል። እሷ ፊት ለፊቷን እያየች የምትነዳ ሴትዮ በምን ዓይኗ ትየው?

ሞተሩ የባሏ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲያመላልስበት ኖሮ፣ የዛሬ ስምንት ወር ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ። እግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እጁ ግን ቀረ። ሐኪሙ «ካላሠራኸው ይረሳሃል፣ ለስለስ ያለ ነገር ጨብጥበት» ብሎ ቢመክረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሷ የሰፋችለትን የጨርቅ ኳስም አልጋ ሥር ወረወረው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ሸሽጎ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። አንገቱን ቀና የሚያደርገው ሞተሩ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው «ሞተሩ የዘንድሮን ምርመራ ካላለፈ ወንድሜ ጭኖ ይውሰደው፣ ዓይኔም ይረፍ» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። የምርመራው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ዋርሳዋ ገመድ ይዞ የመጣው ለዚሁ ነው። እሷ ደግሞ በሆዷ የያዘችው አንድ ነገር ነው፦ ሞተሩ ከዚህ ግቢ ከወጣ ሰውየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀራል።

«ይህን ይዘሽማ አትሄጅም» አለ ዋርሳዋ ገመዱን እያወረደ። «መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው መብራት ነው።»

«ገመድህን መልስ። ገና አራት ሰዓት አልሆነም።»

«ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽና?»

«የስፌት መኪናዬን ማን ሲጠግንልኝ አየህ? ይኸም ያው መኪና ነው።»

ጆንያ አነጠፈችና ሞተሩ ሥር ተንበረከከች። «አንተ ሰው!» አለች ወደ መስኮቱ። «ይህ መብራት ከየት ነው የሚታዘዘው?»

ሰውየው ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

«እንግዲያው አምፖሉን ነቅዬ እጥለዋለሁ!»

«በምን ጭንቅላትሽ!» አለ ከውስጥ። «ጨርሶ የማይበራስ ያልፋል ያለሽ ማነው?»

በሆዷ ሳቀች። «ታዲያ ምን ልሁን?»

«ከእግር ፍሬኑ ኋላ በሞላ የምትሳብ ትንሽ ስዊች አለች። ሞላዋ ከጠበቀች ሁልጊዜ ፍሬን የተረገጠ ይመስላታል። ብሎኗን ላላ አድርጊያት።»

አላላቻት። መብራቱ እንደበራ ነው።

«ሽቦዋን ጨርሰሽ ንቀያት።»

ነቀለቻት። አሁንም እንደበራ ነው።

«ሽቦው ውስጥ ውስጡን ተቃጥሏል፣ በቃ» አለ ዋርሳዋ። «አሁን ቢጀመር የሳምንት ሥራ ነው።»

«አንተ ዝም በል!» አለ ባልየው። «ኋላው ተነቅሎም ከበራ ጥፋቱ ፊት ነው ያለው።»

ድምፁ ቀረብ ሲልባት ቀና አለች። ሰውየው ብርድ ልብሱን ትቶ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል። ቶሎ ብላ ዓይኗን ወደ ብሎኑ መለሰች። ካየችው ተመልሶ እንደሚገባ ታውቃለች።

«የእጅ ፍሬኑ ሥር ሌላ ስዊች አለች» አለ። «እጀታው ሲመለስ የሚጫናት፣ የክብሪት ራስ የምታህል ነገር። እጀታው በደንብ ካልተመለሰ መብራቱ አይጠፋም። እስቲ በጣትሽ ወደ ፊት ግፊው።»

ገፋችው። መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ለቀቀችው። በራ።

«አገኘነው!» አለች።

«ምን እንደያዘው መች አገኘነው?»

እግሩን እየሳበ መጣና መሪው ላይ አጎነበሰ። የፍሬኑ እጀታ ቡናማ ጨርቅ ለብሷል። ውስጡ ስፖንጅ አለበት፣ ጫፉ ላይ ስፌቱ ተደርቦ ወፍሯል። በግራ እጁ ዳበሰው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

ፊቷ ጋለ። «ሽፋን ነዋ። ጣቴን መርፌ እየወጋው ብርድ አልችል ብሎኝ ነው።»

«ጫፉ መሐል ገብቶ እጀታውን አላስመልስ ብሎታል። መቼ ሰፋሽው?»

«አሥር ቀን ቢሆነው ነው።»

«ባትሪው መድከም የጀመረውስ?»

በጣቷ ብትቆጥር ያው አሥር ሆነባት። ዋርሳዋ ጉልበቱን ይዞ ተንከተከተ። «እትዬ፣ ብረቱን ልብስ አለበስሽው! ሱሪ ሳትጨምሪለት ደረስንብሽ!»

ባልየው ግን አልሳቀም። ዓይኑ ከቀኙ እጀታ ወደ ግራው፣ ወደ ፍሪሲዮኑ ሄደ። ያኛው ራቁቱን ነው።

«የግራሽን ጣት አይበርደውም?»

ልብስ ሰፊዋ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

«ለአንተ ነው» አለች፣ እንደተጣላ ሰው። «ኳሱን ስትወረውረው፣ እንግዲህ የሚወደውን ይጨብጥ አልኩ። ብነግርህ እንቢ ትላለህ። አንድ ቀን መሪውን ትይዘው ይሆናል ብዬ ነው። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።»

ዋርሳዋ ሳቁን ዋጠ። ባልየው ሽፋኑን እንደገና ዳበሰው።

እሷ ከቤት መቀስ አምጥታ የሽፋኑን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ቆረጠች። ከኮሌታዋ የማትለያትን መርፌ ከነክሯ ስባ እዚያው በቁሟ ቀመቀመችው። የኋላውን ሽቦ መለሰች፣ ብሎኑንም እንደነበረ አጠበቀች። ቁልፉን ስትከፍት መብራቱ ጭልም እንዳለ ቀረ።

«ሂጂና ከኋላ እይ» አለ ባልየው።

ከሞተሩ ኋላ ቁጢጥ አለች። «ያዝ!» በራ። «ልቀቅ!» ጠፋ።

«በየትኛው እጅህ ነው?»

«በግራዬ ነዋ፣ ተሻግሬ። ሌላ ምን አለኝ?»

ከቁጢጧ ሳትነሳ «እንደገና ያዝ» አለች።

መብራቱ አልበራም። ጠበቀች። ከሞተሩ ማዶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ዋርሳዋ ገመዱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጉልበቷን አመማት፤ ቢሆንም አልተነሳችም። ድንገት መብራቱ ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሞ ብልጭ አለ። ከዚያ ቦግ ብሎ በራ፣ እንደበራም ቀረ።

«በዚህኛው ነው» አለ ሰውየው።

«ልቀቅ በል፣ ይደክምሃል» አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች።

«አልለቅም። ቆይ።»

እስኪበቃው ቆየች። በቀኑ ብርሃን ያን ቀይ መብራት ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

ዋርሳዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «እና ጋሼ፣ ገመዴን ልመልሰው?»

«መልሰው። እኔን ግን ጋቢና አስገባኝና ተከተላት። መብራቱን ከኋላ ሆኜ ላየው እፈልጋለሁ።»

አምስት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ሞተሩም ፒክአፑም ተነሱ። ልብስ ሰፊዋ ምርመራው ቦታ እስክትደርስ በየመታጠፊያው፣ መንገዱ ጭር ባለበትም ጭምር፣ ያን ለስላሳ እጀታ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ታደርገው ነበር። ከኋላዋ የፒክአፑ ጥሩንባ በእያንዳንዱ ፍሬን አንድ አንድ ጊዜ ይመልስላታል። ዋርሳዋ ይሆናል ብላ ነበር። በመስታወቱ ስታይ ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ነው፣ በግራ እጁ ተሻግሮ ጥሩንባውን የሚጫነው፤ ቀኙን ደግሞ መስኮቱ ላይ አውጥቶታል።