ጠብታ የማያሳልፍ ትሪ

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። አባ ትሪ በልጃቸው ቤት ሁለት ዓመት ደፍነዋል፤ በዚህ ሒሳብ ቆርቆሮ ከሆኑ ሰንብተዋል። ቀልዱን የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው። አማቻቸው መጀመሪያ ሰሞን ይስቅ ነበር፤ በኋላ በኋላ ግን ቀና ሳይል ዳቦውን መቁረስ ጀመረ።

አርባ ዓመት ሙሉ ትሪና ባልዲ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። ሱቃቸው በራፍ ላይ የተሰቀለው የአልሙኒየም ሰሌዳ «አያፈስም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበረው። ፕላስቲክ መጥቶ ገበያውን ሲወርሰው ሱቁን ዘጉና ሰሌዳውን በብብታቸው ይዘው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። መስኮት ያለው ክፍል ተሰጣቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አልጋቸው ድረስ ትመጣለች፤ ለዚያ ለሚጠዘጥዛቸው ጉልበት ከእሷ የተሻለ መድኃኒት አላገኙም።

ያቺን ክፍል ግን ሌላም ሰው ዓይኑን ጥሎባታል። የአማቻቸው ታላቅ ወንድም መካኒክ ነው፤ የተከራየው ቤት ሊፈርስ ስለሆነ ማደሪያ ይፈልጋል። ከሥራ ሲመለስ ሻይ ሊጠጣ ጎራ ይልና በክፍሉ በር ሲያልፍ አንገቱን አስግጎ፣ «አይ አባባ፣ እንዴት ያለች ክፍል ናት!» ይላል። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚሉት ዓይነት ነው። አባ ትሪ ሞኝ አይደሉም። ለዚህ ቤት አንድ የሚረባ ነገር ካልሠሩ፣ አልጋቸው ጓሮ ወዳለችው፣ ጣሪያዋ ወደሚያፈስ ዕቃ ቤት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል።

ዕድሉ በዝናብ መጣ። አማቻቸው ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ መኪና ከሆዷ ሥር ያለው የፕላስቲክ ጭቃ መከላከያ ድንጋይ መትቶት ተገንጥሎ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ኩሬ በረገጠች ቁጥር ውሃው ሞተሩ ላይ ይረጫል፤ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ አስነጥሳ ትቆማለች፤ ተሳፋሪው ይሳደባል።

«እኔ እሠራልሃለሁ» አሉ አባ ትሪ።

«እርስዎ?» አለ አማቻቸው። «አባባ፣ መኪና እኮ ናት፤ መጥበሻ አይደለችም።»

«ግዴለህም። ቆርቆሮና እኔ እንተዋወቃለን።»

ሰሌዳውን ከአልጋቸው ሥር አወጡት። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጉማጅ እንጨት ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸውም በዚያ ጉልበታቸው ከሥሯ ገብተው ተንጋለሉ። ልኩን በካርቶን ወሰዱ፤ ሦስት ጊዜ ቆርጠው ሦስት ጊዜ ጣሉት፤ አራተኛው ልክ መጣ። አልሙኒየሙን በቆርቆሮ መቀስ ቆርጠው፣ ብረት ጠርዝ ላይ አስደግፈው፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ አጠፉት። ልጃቸው በብረት መዶሻ ለምን እንደማይመቱት ብትጠይቃቸው፣ «አልሙኒየም እንደ ሕፃን ነው፤ የመታሽውን አይረሳም» አሏት። ዙሪያውን ሦስት ጣት ከፍ አድርገው፣ ጫፉ ውስጥ ሽቦ አስገብተው ጠቀለሉት። ማዕዘኖቹን እንደ ፖስታ አጠፏቸው። ለብሎኖቹ ከጠርዙ ውጭ ስድስት ጆሮ አወጡለት፤ እንዳይንኳኳም በየብሎኑ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ አደረጉ። ጽሑፉ ወደ ላይ፣ ወደ ሞተሩ ዞረ።

የትሪ ከንፈር ለጭቃ መከላከያ ምን ይሠራለታል? ምንም። ግን አርባ ዓመት የለመደን እጅ ማን ይጠይቀዋል?

ሲያልቅ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ። ግቢው መሀል አራት ጡብ ላይ አስቀመጡት፤ ከሥሩ ጋዜጣ አነጠፉና ውሃ ሞሉበት። ምሳ በልተው ሲመለሱ ጋዜጣው ደረቅ ነበር። መካኒኩም የደረሰው ያን ጊዜ ነው። ቆሞ ውሃውን አየ፤ ጣቱን ነክሮ አወጣ። ቀና ብሎ መኪናዋን አየ። ከዚያ የክፍሏን መስኮት አየ።

«ድንቅ ነው አባባ!» አለ። «እኔ እንኳ እንዲህ አልሠራም።»

ውሃውን ደፍቶ፣ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ፣ ስድስቱንም ብሎን በገዛ እጁ አጠበቀ።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የዚያች መኪና ሞተር ዘይት ያንጠባጥባል። አማቻቸው ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ መሬቱን ያያል፤ ምልክቱ ሳንቲም ካከለ ይሄዳል፣ የመዳፍ ያህል ከሰፋ ዘይት ይጨምራል። ኮፈን ከፍቶ በመለኪያ ማየት ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ የዘይቷ መብራትም ከተቃጠለች ቆይታለች። ጭቃ መከላከያው በታሰረ ማግስት ጎንበስ ሲል መሬቱ ንጹሕ ነበር። በሦስተኛውም ቀን ንጹሕ ነበር።

«ዳነች!» እያለ ሚስቱን ጠራ። «አባትሽ መኪናዋን አዳኗት!»

ሦስት ሳምንት አባ ትሪ ወርቅ ሆነው ሰነበቱ። ደህናው ወንበር ተለቀቀላቸው፤ ዳቦ ሲቆረስ መጀመሪያ ለእሳቸው ሆነ። አማቻቸው ለተሳፋሪው ሁሉ የአማቹን እጅ ያወራ ነበር። ደስ አላቸው፤ አይደበቅም፣ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። መካኒኩም ሻዩን እየጠጣ፣ «የእጅ ነገር!» ይላል።

በአራተኛው ሳምንት መኪናዋ ሰው እንደሞላች ዳገት ላይ ጮኸችና ቆመች። በገመድ ተጎትታ መጣች። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ብሎኖቹን ፈታ፤ ትሪውን በሁለት እጁ ይዞ እየዳኸ ወጣ፤ ሾርባ እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ መሬት ላይ አስቀመጠው። እስከ አፉ ጥቁር ዘይት ሞልቶታል።

«ሞተሩ ደርቆ ተጣብቋል» አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ እጅ ነሣ። «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።»

አጥሩ ሙሉ ሳቀ። አማቻቸው አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ሚስቱን ብቻ፣ «ክፍሉን ባዶ አድርጊው» አላት። ወንድሙ ሞተሩን ያለ ክፍያ ሊያድስ፣ እስኪጨርስና ከዚያም ወዲያ እዚሁ ሊኖር ተስማሙ።

ፍራሻቸውን ወደ ዕቃ ቤቷ የተሸከመላቸው መካኒኩ ነው። አስቀምጦ ላቡን ከጠረገ በኋላ ከጎናቸው ተቀመጠ።

«ውሃ ሞልተው ሲሞክሩት አይቼ ነበር» አለ በለስላሳ ድምፅ። «ይህ ነገር ማፍሰሻ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ዘይቱን ያቁራል ልል አልኩና፣ እርስዎን የሚያክል ባለሙያ ማረም ነውር ነው ብዬ ተውኩት። ሞተሩ እንዲህ ቶሎ ይበላሻል ብዬ ግን አልገመትኩም።» ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

አባ ትሪ ትሪውን በአመድና በሳሙና አጠቡት። ጣሪያዋ የምታፈሰው ልክ ከፍራሻቸው ራስጌ በላይ ነበርና እዚያ ደቀኑት። ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ፤ ፍራሹ ግን አልራሰም። ጠብ ጠብ ሲል «አያፈስም» በሚለው ጽሑፍ ላይ ይወርዳል፤ እሳቸው ይሰማሉ። ሲሞላ ደፍተው ይመልሱታል።

አንድ ጠዋት ልጃቸው መዶሻና መብሻ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ የሞተሩ ሥራ አልቋል። ይቺ ትሪ ቀዳዳ ይውጣላትና ትመለስ ብሏል ወንድምየው። ቀዳዳ ከማጣቷ በቀር ምንም እንከን አይወጣላትም አለ።»

አባ ትሪ መዶሻውን አልተቀበሉም። «ልጄ፣ ያኔውኑ አይቶት ነበር እኮ። አውቆ ነው ዝም ያለው። በአፉ ነግሮኛል።»

ልጅቱ ወደ ግቢው ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አውቃለሁ። ለእኔም ነግሮኛል፤ እየሳቀ።»

«ለባልሽስ?»

«ተናግሬ ወንድማማች ላጣላ? ሞተሩን የሠራልን እሱ ነው አባዬ። ነገም ብትበላሽ የሚሠራልን እሱ ነው።» መዶሻውን እጃቸው ላይ አኖረችው። «አንተ ምን ትሠራልናለህ?»

ለክፋት ብላ አልነበረም። የባሰው ይህ ነው፤ መልስ የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

አባ ትሪ የዝናቡን ውሃ ደፉ። ትሪውን ገልብጠው በጉማጅ እንጨት ላይ አስደገፉና ዝቅ ያለውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ፈለጉ። በሕይወታቸው አንድ ዕቃ እንዲያፈስ ብለው ነክተው አያውቁም። ሁለት ጊዜ መቱ። ቀዳዳው ክብ ነበር፤ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሱት። ለልጃቸው አቀበሏት።

«ይኸው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀ» አለችና በብብቷ ይዛው ሄደች።

ከሰዓት በፊት ዝናቡ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ትራሳቸው ላይ ወደቀች። ፍራሹን ሊስቡ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። አካባቢያቸውን አዩ፤ ዕቃ ቤት ትባል እንጂ አንድ ባልዲ እንኳ አልነበረባትም። ፍራሹ ዳር ተቀመጡና ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ከጠብታው ሥር ያዙ። ጥቂት ቆይቶ በጣቶቻቸው መሀል ያፈስ ጀመር።