የናሙና እንባ

«ዛሬም አንዲት እንባ ጠብ አላደረገችም» አለች ጎረቤቷ ፋንቱ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

ወለተሐና ሰማቻት። የመንደራቸው የጎረቤላ ጉም ከገደሉ ሥር ወጥቶ የለቅሶ ድንኳኑን ውጦታል። ለቀስተኛው ኮሮናን ፈርቶ ተራርቆ ስለተቀመጠ፣ ሐሜቱ እንኳ ጮክ ማለት ነበረበት። ያልተለቀሰለት ሙት ከደጅ አይርቅም ይባባላሉ። እሷስ ይህ መች ጠፋት? ሟች ልጇ ፍሬሕይወት ከበሩ መቃን ጀርባ ቆማ የላስቲክ ጓንቷን ስታጠልቅ፣ ጧ ሲል በጆሮዋ ትሰማዋለች።

ግን ምን ታድርግ? በሽታው የወሰዳትን ልጇን ነጭ የለበሱ ሰዎች ደብረ ብርሃን ቀበሯት፤ እናት ከሩቅ ቁሚ ተባለች። ፊቷን ሳታይ፣ ሞተች ብሎ ሆዷ እንዴት ይመን?

ፍሬሕይወት ደብረ ብርሃን የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ልትጠይቃት መጥታ፣ እናቷን ሳል ይዟት አገኘቻት። ደጃፍ በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ አገጯን በሁለት ጣቷ ቀና አድርጋ፣ ጫፉ ጥጥ የመሰለ ቀጭን ዘንግ እስከ አፍንጫዋ ጥግ ሰደደችው። የወለተሐና ዓይን እንባውን ዘረገፈው።

«አንቺ ልጅ፣ አንጎሌን ልታወጪው ነው?»

«አይዞሽ እማዬ፣ ያላለቀሰልኝ ሰው የለም» አለች ልጅቱ፣ እየሳቀች።

ደግሞም ናሙናው የምርመራ መሣሪያው ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ነገረቻት፤ ቫይረሱ ኢምንት ቢሆን እንኳ ያባዛዋል፣ እስኪታይ ድረስ ያባዛዋል። ያን ጊዜ ወለተሐና ከቫይረሱ ነጻ ተባለች። ሳሉ የብርድ ነበር።

አሁን ድንኳኑ በር ላይ የፍሬሕይወት የሥራ ባልደረባ ይርጋለም መጥታ ቆመች። ፍሬሕይወት ከመታመሟ ጥቂት ቀን በፊትም እናቷን ልትጠይቅ መጥታ ነበርና፣ ከሟች ጋር የተገናኘ ሁሉ ይመርመር ተብሎ ናሙና ልትወስድ ነው። ፋንቱ፣ ሐዘንተኛ ላይ ይህን ማድረግ ምን የሚሉት ነው ብላ አጉረመረመች። ወለተሐና ግን ተነሥታ ራሷ በርጩማውን ሳበች።

ይርጋለም ጓንቷን አጠለቀች። ጧ አለ።

ሥራውን ለይርጋለም ያሳየቻት ፍሬሕይወት ነበረችና፣ አገጯን ቀና ያደረጉት ሁለቱ ጣቶች አያያዛቸው የልጇ ነው። ዘንጉ ገባ። ከአንድ ዓይኗ አንዲት እንባ ወጥታ ጉንጯ ላይ ወረደች። ፋንቱ ነጠላዋን ከአፏ ጣለች።

«አለቀ እማማ። አንዱ ይበቃል» አለች ይርጋለም፣ ዘንጉን አውጥታ።

ወለተሐና አገጯን አልመለሰችም። ዓይኗን ጨፍና፣ ሌላኛውን የአፍንጫዋን ቀዳዳ ወደ ጣቶቹ አዙራ ጠበቀች።