አጎት ነኝ ያለው ሰው

ዘሚራ ሰውየውን ያወቀችው በድምፁ ነው። አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር፣ በሻዕባን ሻሂ ቤት ውስጥ ጀርባውን ለጓዳው ሰጥቶ ያወራል። ሙከሚል ነበር። ያኔ «ጅዳ የልብስ ስፌት ሥራ አለ» ብሎ ከደሴ የላካት እሱ ነው። ስትደርስ ግን አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ተቀብለው በር ቆለፉባት። አምልጣ፣ ባሕሩን ተሻግራ አስመራ ከገባች ወዲህ በዚህ ሻሂ ቤት ነው ኑሮዋ። የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ጓዳው በር ላይ ቆመች።

ከፊቱ የተቀመጠችው የጎረቤቷ ልጅ ጀዋሂር ናት።

«ነገ ጠዋት ምጽዋ እንወርዳለን» አላት ሙከሚል። «ከዚያ ወደ ጅዳ የሚሻገረው ጀልባ ይጠብቅሻል። ለማንም አታውሪ።»

እሱ እንደወጣ ዘሚራ ልጅቷን ይዛ የደረሰባትን ሁሉ ነገረቻት። ጀዋሂር ክንዷን አስለቀቀች።

«ያንቺ እድል ነው። ሰውየው ያገራችን ሰው፣ ሰጋጅ ነው። ቀንተሽብኝ ነው» ብላት ሄደች።

ዘሚራ የመኖሪያ ፈቃዷ ካለፈበት ቆይቷል። ከነጻነት ወዲህ ደግሞ ያገሯ ሰዎች በፈቃድ ጉዳይ ሲጠየቁ አይታለች። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ በገዛ እግር ሄዶ መያዝ ነው። «ምን አገባሽ?» አላት የሻሂ ቤቱ ባለቤት ሻዕባን። እሷ ግን ሻርፗን ተከናንባ ወደ ጣቢያው ሄደች።

የተቀበላት መርማሪ መንግስትኣብ ይባላል። ትምህርት ቤት በለመደው አማርኛ አነጋገራት።

«ሕጉ ኣለ» አላት። «ያለ ፈቃድ ሰው ወደ ውጭ ለሥራ መላክ ወንጀል ነው። ግን ‹የእህቴ ልጅ ናት› ካለኝ በምን ልያዘው? ፊት ለፊት ቆሞ የሚመሰክርበት ሰው ያስፈልገኛል።»

«የእኔን ፈቃድስ ይጠይቁኛል?»

«እወ፣ ይጠይቁሻል። አልዋሽሽም። ምስክር ሆነሽ ሳለ ማንም አያስወጣሽም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እኔ አላውቅም።»

ዘሚራ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። «ነገ የምጽዋው አውቶቡስ ጋ እገኛለሁ» አለች።

ጠዋት የምጽዋው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። መንግስትኣብ ገብቶ ሙከሚልን አስወረደው፤ ጀዋሂርም ተከትላ ወረደች።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለ ሙከሚል ረጋ ብሎ።

«ነው?» አላት መርማሪው።

«አጎቴ ነው» አለች ጀዋሂር ወደ ዘሚራ ሳታይ።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ዘሚራ ወደ ሙከሚል ቀረብ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችና በካውያ የተቃጠለ ክንዷን አሳየችው።

«ጅዳ የላክኸኝ ዘሚራ ነኝ።»

«ይችን ሴት አላውቃትም። ሕመምተኛ ሳትሆን አትቀርም።»

«እሺ፣ እኔን አታውቀኝም» አለች። «እህትህን ግን ታውቃታለህ። የጀዋሂር እናት ስሟ ማን ነው?»

ሙከሚል ወደ ልጅቷ ዞሮ በዓይኑ ለመናት። ያኔ ነው ጀዋሂር ፊቷ የተለወጠው። ይህ ሰው ስለ እናቷ አንድም ቀን ጠይቋት እንደማያውቅ ገባት።

«አጎቴ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

ክሱ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ዘሚራ ፍርድ ቤት ቆማ መሰከረች፤ ሙከሚልም ታሰረ። ሻዕባን እያጉረመረመ ዋስ ሆናትና ፈቃዷ ታደሰላት። ጀዋሂር ግን በመንገድ ስታገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፋት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ ሻሂ ቤቱ በር ላይ ቆመች።

«ስለ ጅዳ የነገርሽኝን» አለች፣ «ያን ቀን በደንብ አልሰማሁሽም።»

ዘሚራ ወንበር ሳበችላት።