ያለ አንቴና

ጋሽ ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እሱም ደስ ብሎት ተቀብሎታል። ጣሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረው የመዳብ ሽቦ የልብስ ማስጫ የመሰላቸው አዲስ ተከራዮች አንድ ቀን አንሶላ ቢያሰጡበት፣ መንደሩን በጩኸት አናወጠው። ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነው። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሬዲዮ ይሠራል፤ አይገዛም፣ ይሠራል። የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ የሞተ የመኪና ሬዲዮ፣ የተጣለ ፍሪጅ፣ ብቻ እጁ የገባ ነገር ሁሉ ሆድ ዕቃው ይዘረገፋል። የበሩ ደወል እንኳ የሚጮኸው ከሟች ወንድሙ የሬዲዮ ማሰራጫ በወጣ ትራንስፎርመር ነው።

ያንን ማሰራጫ የፈታታው ራሱ ነው። ቀሪው ዕቃ በየዓይነቱ ተለይቶ በጠርሙስ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ማሰራጫው የለም። የለም ማለት የለም ነው።

ወንድሙ በአራት ዓመት ያንሰው ነበር። ስልክ ያልደረሰበት ኮረብታ ላይ ዝናብና ንፋስ እየለካ ብቻውን ስለሚኖር፣ ሁለቱ የሚገናኙት በየሐሙሱ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሞርስ፣ ፊደሉን በአጭርና በረጅም ምት እያንኳኩ፣ ነበር። እንዲህ ያለ ግንኙነት ሲጀመር አንዱ ለሌላው እንዴት እንደሚሰማው በቁጥር መንገር የሙያው ደንብ ነው። የመጨረሻው ቁጥር የድምፁን ጥራት ይናገራል፤ አንድ የማይረባ፣ ዘጠኝ እንከን የለሽ። ታዲያ ይሉኝታ የያዘው ሁሉ ዘጠኝ ዘጠኝ ሲባባል ይውላል። ወንድማማቾቹ ግን ገና በልጅነታቸው ተማምለዋል፤ በእነሱ መካከል ይሉኝታ የለም፣ እንዳለ ነው የሚነገረው።

መሐላው ያስመረረው ራሱን ጋሽ ሽቦን ነው። ሁለት ዓመት የለፋበትን አዲስ ማሰራጫ መጀመሪያ በከፈተበት ቀን፣ የሙያ ባልንጀሮቹ ሁሉ ጆሯቸውን ጥለው እየሰሙ፣ ወንድሙ ከኮረብታው ላይ እንዲህ ብሎ አንኳኳ፦ «ጋሼ፣ ድምፅህ ሦስት ነው። ያጉረመርማል።»

ሦስት! ጋሽ ሽቦ ደሙ ፈላ። በሚቀጥሉት ሁለት ሐሙሶች ወንድሙ ሲጠራው እጁን አጣጥፎ እየሰማ ዝም አለው። በሦስተኛው ሐሙስ ልክ በአሥር ሰዓት ጥሪው ሲጀምር፣ ገና «ጋሼ» ብሎ ሳይጨርስ መቀበያውን ዘጋው። በማግስቱ ስንቅ የሚያደርስለት ሰውዬ ወንድሙን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኘው። ሐኪሙ «ልቡ ነው፤ ምንም ሳይሰማው ነው የሄደው» አለ። ለቀስተኛው ሁሉ በዚህ ተጽናና። ጋሽ ሽቦ ግን አልተጽናናም፤ በዚያች ሰዓት ወንድሙ ይጠራው እንደነበር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። የጠራው ሰላም ሊለው ነው ወይስ ድረስልኝ ሊለው? ይህን ጥያቄ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳይናገር ተሸክሞት ኖረ። ሦስት መባሉ ደግሞ ልክ ነበር፤ ካፓሲተር የሚባል አንድ ትንሽ ዕቃ ተበላሽቶ ኖሯል።

አሁን ወደ ነገሩ እንምጣ። ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ከሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። ጋሽ ሽቦ መብረቅን ስለሚፈራ እንደ ልማዱ የአንቴናውን ገመድ ከመሣሪያው ነቀለ፤ መቀበያውን መዝጋት ግን ረሳ። አሥር ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው የጆሮ ማዳመጫ ቀጭን ፉጨት መጣ።

አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው። እያንዳንዱ ምት ቀጥን ብሎ ይጀምርና ይወርዳል፤ አቅም ያነሰው ትራንስፎርመር የሚያወጣው ድምፅ ነው። በየቃሉ መጨረሻ ያለው ምት ደግሞ መጨረስ ያልፈለገ ይመስል ይንዛዛል። የሞርስ እጅ እንደ እጅ ጽሕፈት ነው፤ የወንድሙን እጅ ከሺህ መካከል ይለየዋል።

«ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጋሼ። ትሰማኛለህ?»

በደንብ ልስማ ብሎ አንቴናውን ሲሰካ ድምፁ ጠፋ፤ ነጎድጓዱ ብቻ ቀረ። ሲነቅለው ተመለሰ። በሃምሳ አራት ዓመት ውስጥ አንቴና ሲነቀል የሚጠፋ እንጂ የሚመጣ ድምፅ ገጥሞት አያውቅም። ምናልባት ከቤት ውስጥ ዕቃ የሚመጣ ነው ብሎ መብራቱን አጠፋ፣ ፍሪጁን ነቀለ፣ በመጨረሻም ቆጣሪውን ዘግቶ መቀበያውን በባትሪ አስነሣው። ፉጨቱ ቀጠለ።

«አባዬ፣ መብራቱን ማን ነው ያጠፋው?» አለች ልጁ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሐሙስ ሐሙስ እረፍቷ ነው።

«እስቲ ዝም በይ!»

«ወተቱ ሊበላሽ ነው እኮ!»

«ይበላሻ! ነይ፣ ይህን ስሚ።» ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋባት። «የሚሰማሽ ነገር አለ?»

ጥቂት አዳመጠች። «የሆነች ወፍ ነገር ትጮሃለች። አሳዘነችኝ፣ ምንድን ናት?»

ምንም አይሰማም ብትለው፣ አበድኩ ብሎ ያርፍ ነበር።

መልስ መስጠት ይቻላል፤ ችግሩ ግን አንቴናው ከተሰካ ወንድሙ ይጠፋል፣ ያለ አንቴና ነው መላክ ያለበት። አንቴና የሌለው ማሰራጫ ኃይሉ መውጫ ስለሚያጣ ተመልሶ ራሱን ይበላል። ለጀማሪ ሁሉ ሲያስጠነቅቅ የኖረው እሱ ነው፤ ያለ አንቴና የሞርሱን መምቻ ቁልፍ የነካ ሰው እጁ ይቆረጥ ይላል። ደግሞ የሚቃጠለው ያ ሦስት የተባለው ማሰራጫ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዓመት በዓመት እየፈታ፣ እያረመ፣ ዘጠኝ ያደረሰው። በዚያ ቀን ሳይመልስለት ቀረ፤ ሆኖም ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣው የማሰራጫው ነገር አይደለም። መልሱን ነበር የፈራው። ማወቅ ፈለገ፣ ማወቅ ፈራ።

ሐሙስ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንቴናውን ነቀለና ተቀመጠ። ልክ በአሥር ሰዓት፦ «ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጋሼ።»

ቁልፉን ያዘ። «እሰማሃለሁ» ብሎ አንኳኳ።

የማሰራጫው ቫልቭ፣ ያ አምፖል መሳይ የመስታወት ቱቦ፣ ወዲያው እንደ ፍም ቀላ። ጋሽ ሽቦ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ ጠበቀ።

«ጋሼ! ተገኘህ! ድምፅህ ሁለት ነው። በጣም ያስጠላል።»

ሳቁ አመለጠው፤ እንባውም ተከተለው። ሌላ ማንም እንዲህ አይለውም። ቫልቩ ብዙ እንደማይቆይ ስለገባው በቀጥታ ጠየቀ፦ «በዚያ ሐሙስ ለምን ነበር የጠራኸኝ? እንዳለ ንገረኝ።»

ቀለም የሚቃጠል ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ደረቴን አመመኝ» አለ ያ ቀጭን ድምፅ፣ ምት በምት፣ ሳይቸኩል። «ለሐኪም ንገርልኝ ልልህ ነበር። እስኪመሽ ጠራሁህ። ከዚያም በኋላ ጠራሁህ።»

ጋሽ ሽቦ እንደተወጋ ሰው ጎበጠ። ሃያ ሁለት ዓመት የሸሸው ነገር ይኸው ደረሰበት። «ዘግቼብህ ነው። ይቅር በለኝ» ብሎ አንኳኳ።

«አውቃለሁ፤ ሲዘጋ ሰምቻለሁ። እዚህ ማንም የለም፣ ጋሼ። አሁን አትዝጋ።»

«አልዘጋም» አለ። «አለሁ። አለሁ። አለሁ።»

ልጁ ጭሱ ሸትቷት ሮጣ ስትገባ ማሰራጫው ከጎኑ ነበልባል ይተፋ ነበር። ጮኸች፤ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለች፤ የባትሪውን ሽቦ በጠሰች፤ ፎጣ አርጥባ እሳቱ ላይ ደፋች። ቫልቩ ጧ ብሎ ፈነዳ። ጭሱ ገለል ሲል አባቷ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ ቁጭ ብሎ ቁልፉን ያንኳኳል።

«አባዬ፣ በቃ! ሁሉንም ነቅዬዋለሁ እኮ!»

ማዳመጫውን ልታወልቅለት ጎንበስ ስትል ከውስጡ ያቺ ያለፈው ሐሙስ ወፍ ትጮሃለች፤ አባቷም በየመሐሉ ይመልስላታል።