የመምህር ጉልላት እግር

መምህር ጉልላትን «እሱ» ስለው አትቀየሙኝ። እስከ ሚያዝያ 1946 ድረስ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ።

ሶዶ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ታሪክ ያስተማረን እሱ ነው። በጥይት የተመታ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ሰሌዳው ጋ ይቆምና ዓለምን በጠመኔ ይስላታል። «መጽሐፉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1931 ፖላንድ ላይ ተጀመረ ይላል» ይለን ነበር። «እሳቱ ግን በ1924 ቻይና፣ በ1928 እኛ ቤት ገብቷል። ጄኔቭ፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ድረስ ሄደን እሪ ብንል ጭስ አላየንም አሉ። የራሳቸው ጣሪያ ሲነድ ነው ቀኑን የጻፉት።»

እኔ ሣራ ሶርሳ ይህን እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ያዝኩት። አባቴ የሞተው በዚያ እሳት ነው። ጉልላት ሲቆስል ተሸክሞ አወጣው፤ ሌላ ቁስለኛ ሊያመጣ ተመልሶ በዚያው ቀረ። ሬሳው አልመጣም። በእኛ በወላይታ የሟችን ጀግንነት ያየ ሰው ለቅሶው ላይ ቆሞ ይመሰክራል። ለአባቴ የመሰከረው ጉልላት ነው፣ በዚያው እግሩ ቆሞ። እናቴ አገርነሽ አስራ ስምንት ዓመት ቀና ብላ የሄደችው በዚያ ቃል ነው።

በዚያ ሚያዝያ ለመምህራን ማሰልጠኛ አንድ ተማሪ የሚመርጥ ኢንስፔክተር ከአዲስ አበባ መጣ። ጉልላትም ዳይሬክተርነት እየጠበቀ ነበር።

«የዓለም ጦርነት መቼና የት ተጀመረ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ብድግ አልኩ። «በ1928፣ እኛ አገር!»

ሳቀብኝ። «እሱ የእኛና የጣሊያን ጠብ ነው። ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

ጉልላትን አየሁት። ጠመኔውን ያሻል።

«ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነው ጌታዬ። እኔ ያስተማርኩት መጽሐፉን ነው» አለ።

ማሰልጠኛው ለሌላ ሆነ። እሱንስ እችለው ነበር። ኢንስፔክተሩ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «ወይስ ያስተማራት ይሄ እግርዎ ነው?» ብሎ ቀለደ።

«የለም ጌታዬ፣ ከበቅሎ ወድቄ ነው።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የወደቅሁትስ እኔ ነበርኩ። ከንዴቴ ብዛት እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

ቤት ስገባ እናቴ እንሰት እየፋቀች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። መፋቂያውን አስቀመጠች።

«ከበቅሎ ነው የወደቅሁት አለ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ሶርሳ የተሸከመው ማንን ነው?»