ባዶ ቅጽ

ሰባት ቀን ሙሉ ሱባኤ ይዤ ያየሁት ሕልም አንድ ብቻ ነው፤ ሽንኩርት ስልጥ። ለእማዬ ስነግራት "ሽንኩርት እንባ ነው፣ ከሆሳዕና ንቅንቅ እንዳትዪ" አለችኝ። ድሮም እንድሄድ አትፈልግም። ጎመን ስከትፍ ባይም ፍቺው ያው ነበር የሚሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሆሳዕና፣ የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ፣ የሠራተኞችን የፈቃድ ቅጽ ስቀበል ስምንት ዓመት ሞላኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የምልክት ቋንቋ ተምሬያለሁ። ዱራሜ ያለ አንድ ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ሊከፍት ነውና ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ገነቴ "ነይና አስተምሪልን፤ እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሪኝ" አሉኝ። በዚያው ሳምንት አለቃዬ "ትርሲት፣ ቡድን መሪ ላደርግሽ ነው" አይለኝ መሰላችሁ! ስምንት ዓመት ሙሉ የት ነበር?

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ወልደኪዳን መጀመሪያ የጠየቁኝ "አንቺ ራስሽ ምን ትፈልጊያለሽ?" ብለው ነው።

"እሱ የፈቀደውን፣ አባ።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም፣ ልጄ።"

ያንኑ መልስ ደገምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና "በይ እንግዲያው ሱባኤ ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። ጾምኩ፣ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰገድኩ። ትርፉ ሽንኩርት ሆነ። እውነቱን ልናገርና በእግዚአብሔር ተናድጄ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር ምን ይጎድልበታል? ሂጂ ወይ ቁጭ በይ፤ በቃ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቁርጡን ሳልናገር ቢሮ ተቀምጬ ሳለ፣ የግቢያችን ጥበቃ ጋሽ ጠና ገቡና ቅጽ አስቀመጡልኝ። ከስማቸውና ከፊርማቸው በቀር ባዶ ነው። የፈቃዱ ዓይነት የለ፣ ቀኑ የለ፣ ምክንያቱ የለ። ባዶ ቅጽ ሳይ ደሜ ይፈላል።

"ጋሽ ጠና፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"አንቺ መልካም የመሰለሽን ሙይ፣ ልጄ።"

"እኔ ምን አውቄ? እርስዎ ምን እንደሚፈልጉ ሳይጽፉ ማን ምኑን ይፈቅድልዎታል? መጀመሪያ ይጠይቁ እንጂ።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። "ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ነበረ" አሉኝ፣ ከምባትኛ በሚጫነው አማርኛቸው። "ሀደሮ ያለው ወንድሜ ታሞ ነው። ሄጄ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ጽፌ እምቢ ብትሉኝስ ብዬ ፈራሁ። አለቆች ራሳቸው ሰምተው ሂድ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።"

"አሁን እንዴት ናቸው?"

"ትናንት ሞተ። ቀብሩ ነገ ነው። ፈቃዱ ለእሱ ነው።"

ቅጹን ሳብኩት። "ሐዘን" ብዬ ሞላሁላቸው፣ ራሴ ወስጄ አስፈረምኩላቸው። እያመሰገኑኝ ወጡ። የምመሰገንበት ምን ነገር እንዳለ እንጃ፤ የጮህኩባቸው እኔ፣ የተመሰገንኩት እኔ።

በሩ ሲዘጋ ንዴቴ ዞሮ በራሴ ላይ መጣ። ዱራሜን እፈልጋለሁ። ወይዘሮ ገነቴ ከደወሉልኝ ሰዓት ጀምሮ እፈልጋለሁ፤ ያንን ክፍል እያሰብኩ እጆቼ ባዶ ቢሮ ውስጥ ፊደል ሲሠሩ ስንቴ ይዣቸዋለሁ። ግን አንድም ቀን "ጌታ ሆይ፣ መሄድ እፈልጋለሁ" ብዬ አልጸለይኩም። ጠይቄ እምቢ ቢለኝስ? ደግሞም ሄጄ ባይሳካልኝ "የላከኝ እሱ ነው" የምልበት እንዲኖረኝ ነው። ስሜንና ፊርማዬን ብቻ አስቀምጬ ሰባት ቀን ሙሉ ባዶ ቅጽ አቀረብኩለት፤ መልስ አልሰጠኝም ብዬም አኮረፍኩ። እኔ ሰው ላይ አፍጥጬ ቅጹን የምመልሰው በዚሁ ጥፋት ነው።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። "መሄድ እፈልጋለሁ" አልኩት እግዚአብሔርን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "ካልፈቀድክ መንገዱን ዝጋብኝ።" ከዚያ ስልኬን አንስቼ ለወይዘሮ ገነቴ እመጣለሁ አልኳቸው።

ቤት ስገባ እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። "ሌላ ሕልም አየሽ እንዴ?"

"አላየሁም። ዱራሜ ልሄድ ነው።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ማን ፈቀደልሽ?"

"ገና ነው፣ እማዬ። ዛሬ ነው የጠየቅኩት።"